የእንግሊዝኛ ሀሁ፤ የሰዋስውና የቃላት መሠረት በምን ሚዛን ተወሰነ?

እንግሊዝኛን ለጀማሪ የሚያስተምሩ መጻሕፍት፣ ለየትኛውም አገር ተማሪ ቢሰናዱ፣ አጀማመራቸው እጅግ ይቀራረባል፤ የንግግር ክፍሎች ይዘረዘራሉ፣ «መሆን»ን የሚተካው ግስ በየመደቡ ይረባል፣ የግስ ጊዜያት በሠንጠረዥ ይደረደራሉ፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ በቃል የሚያዙ ቃላት ይሰደራሉ። አሰላለፉ ከመለመዱ የተነሣ ከቋንቋው ባሕርይ በቀጥታ የተቀዳ ይመስላል። የእያንዳንዱ ዝርዝር ታሪክ ሲመረመር ግን አንዱ ክፍል ከላቲን ትምህርት ቤት የተወረሰ፣ ሌላው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእጅ ከተደረገ የቃላት ቆጠራ የተገኘ፣ ሦስተኛው የመጻሕፍት አዘጋጆች እርስ በርስ እየተቀዳዱ ያጸኑት ልማድ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄም «መሠረታዊ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ቃላት በማንና በምን ሚዛን ተመረጠ፣ ለየምርጫው የቀረበውስ ማስረጃ ምን ያህል ይጸናል የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰዋስውንና ቃላትን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ማየት ራሱ ልማድ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። «ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት ሲሆን፣ በዚህ ስም የሚታወቁት የብራና ጽሑፎች የግሶችን ዝርዝር ከነትርጉማቸው፣ እርባታቸውንና አገባባቸውን በአንድነት የሚይዙ ነበሩ። ደቀ መዝሙሩ «ቀተለ»ን ሲያጠና ትርጉሙንና አረባቡን አብሮ ይይዛል እንጂ ቃሉን ከአንድ መጽሐፍ፣ ደንቡን ከሌላ አይለቅምም። በእንግሊዝኛ ጥናት ውስጥ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በየራሳቸው መንገድ ሄደው ለመገናኘት ወደ አራት መቶ ዓመታት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

በላቲን ልክ የተሰፋ ልብስ

ለእንግሊዝኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ሰዋስው ተብሎ የሚታወቀው ዊልያም ቡሎካር በ1586 ያሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ቡሎካር እንግሊዝኛም እንደ ላቲን በደንብ የሚመራ ቋንቋ መሆኑን ለማስመስከር ስለ ተነሣ፣ መዋቅሩን የወሰደው በዘመኑ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ይሠራበት ከነበረው ከዊልያም ሊሊ የላቲን ሰዋስው ነበር። ላቲን ስምንት የንግግር ክፍሎች ስላሉት እንግሊዝኛም ስምንት እንዲኖሩት ሆነ። ችግሩ ወዲያው የሚታየው አርቲክል ላይ ነው፤ አርቲክል የሚባሉት «ዘ» እና «ኤ» ከስም በፊት እየገቡ ስሙ የታወቀ ወይም ያልታወቀ መሆኑን የሚያመለክቱ ጥቃቅን ቃላት ሲሆኑ፣ ላቲን ምንም አርቲክል የለውም። ተውኔት ጸሐፊው ቤን ጆንሰን፣ ከሞተ በኋላ በ1640 በታተመው ሰዋስው፣ ክፍሎቹን እንደ ላቲን ከቆጠረ በኋላ አርቲክልን ዘጠነኛ አድርጎ መጨመር ግድ ሆኖበታል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ቃል «ዘ» መሆኑ ሲታሰብ፣ ከየመቶው ቃል ስድስት ሰባቱን የሚይዝ ቃል በወረስነው ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ አጣ ማለት ነው።

የሒሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስ በ1653 ባሳተመው ሰዋስው ቀደምቶቹ እንግሊዝኛን በላቲን ቅርጽ በግድ መክተታቸውን ነቅፏል፤ መጽሐፉን የጻፈው ግን ለውጭ አገር ሰዎች እንዲሆን በላቲን ነበር። የነቀፋው ፍሬ ነገር ዛሬም ይሠራል። ላቲን የባለቤትንና የተሳቢን ሙያ የሚለየው በስሙ መጨረሻ ላይ በሚቀጠል ምልክት ሲሆን፣ ጥንታዊው እንግሊዝኛም ኖርማኖች እንግሊዝን እስከ ያዙበት እስከ 1066 ድረስ እንዲሁ ያደርግ ነበር። በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ግን እነዚህ ቅጥያዎች እየሟሙ ጠፍተው ሥራቸውን የቃላት ቅደም ተከተል ተረከበው። አማርኛ «ልጁ ውሻውን መታ» ወይም «ውሻውን ልጁ መታ» ቢል ተመቺው አይለወጥም፣ ምክንያቱም «ን» ተሳቢውን ይጠብቀዋል። በእንግሊዝኛ ልጁንና ውሻውን ቦታ ማለዋወጥ ውሻውን መቺ ያደርገዋል። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ደንብ ከማናቸውም የእርባታ ሠንጠረዥ ይልቅ «ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ» የሚለው ሰልፍ መሆን ይገባው ነበር፤ ከላቲን የወረደው መጽሐፍ ግን ላቲን ይህ ችግር ስለሌለበት ቅደም ተከተልን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

የ18ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሁለት የማይታረቁ አቋሞችን ፊት ለፊት አቆመ። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1761 ባወጣው ሰዋስው የቋንቋ ዳኛው የተናጋሪዎች ልማድ ነው ሲል፣ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ በ1762 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ስመ ጥር ጸሐፊዎች ሳይቀሩ የሠሩትን ስሕተት እየነቀሰ የሚያርም ነበር። የመጀመሪያው መንገድ ገላጭ፣ ሁለተኛው ደንጋጊ ይባላል። አሜሪካ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በዮርክ አጠገብ የኖረው ሊንድሊ ሙሬይ በ1795 በአብዛኛው የሎውዝን ፈለግ ተከትሎ ያዘጋጀው የትምህርት ቤት ሰዋስው በብዙ እትሞች ተሠራጭቶ፣ የደንጋጊው ወገን በክፍል ውስጥ ለረጅም ዘመን እንዲነግሥ አደረገ። ሎውዝን ብቻውን መክሰስ ግን ፍትሕ አይሆንም፤ ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ መጨረስን በተመለከተ፣ አነጋገሩ ለከበደ ጽሑፍ የማይመች ቢሆንም ከቋንቋው ጠባይ ጋር የሚስማማ መሆኑን አምኗል።

የደንጋጊዎቹ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚጸና ለመመዘን ሁለት አፍራሾችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለመጠቀም የሚለውን ደንብ ማየት ይበቃል። መከራከሪያው በሒሳብ እንደሚሆነው ሁለት አፍራሾች ተጣፍተው አዎንታ ይሆናሉ የሚል ነው። «ምንም አላየሁም» እና «ማንም አልመጣም» የሚል ቋንቋ የሚናገር ሰው ይህ የሎጂክ ሕግ ሳይሆን የአንድ ቋንቋ የአንድ ዘመን ምርጫ መሆኑን ያለ ማስረዳት ይገነዘባል፤ የጥንቱና የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛም አፍራሽን በአፍራሽ ላይ እየደረበ ያጠነክር ነበር። ደንቡ ለዛሬው መደበኛ እንግሊዝኛ ትክክል ነው፤ የቆመበት ምክንያት ግን ትክክል አልነበረም።

የግስ ጊዜያት ስንት ናቸው?

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው ውስጥ ሚዛኑ ወደ ገላጮቹ አዘነበለ። ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን ከ1909 ጀምሮ በሰባት ቅጾች ያዘጋጀው ሰዋስው በብዙ ሺህ ጥቅሶች ላይ የተመሠረተ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪስ በ1952 ከተቀዱ የስልክ ንግግሮች ተነሥቶ «ስም» እና «ግስ» የሚሉትን ስያሜዎች ሳይቀር በመተው ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ በሚይዙት ቦታ ብቻ በአራት ዐበይት መደቦችና በ15 የአገልጋይ ቃላት ቡድኖች ከፋፈለ። የኖአም ቾምስኪ የ1957 ሥራ የንድፈ ሐሳቡን ዓለም ቢያናውጥም ወደ ጀማሪው መጽሐፍ የገባው ድርሻ ጥቂት ነው። ለማስተማሪያ መጻሕፍት ይበልጥ የቀረቡት ሁለት ግዙፍ ሥራዎች ናቸው፤ አንደኛው ራንዶልፍ ኩዌርክና ሦስት ባልደረቦቹ በ1985 ያሳተሙት፣ ሁለተኛው ሮድኒ ሀድልስተንና ጄፍሪ ፑለም በ2002 በካምብሪጅ ያወጡት ነው።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች በብዙ ነገር ቢለያዩም ጀማሪው መጽሐፍ 12 ጊዜያት ብሎ የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ አይቀበሉትም። እንግሊዝኛ በግሱ ቅርጽ ላይ የሚያሳየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የአሁንና ያለፈ። «ዊል» ወደ ፊት የሚሆነውን የሚናገር ረዳት ግስ ሲሆን፣ ከግሱ ጋር አይዋሐድም፤ ጠባዩም የችሎታን፣ የፈቃድንና የግድን ሐሳብ ከሚገልጹት ከነ«ካን»፣ «ሜይ» እና «መስት» ጋር አንድ ነው፣ ደግሞም ስለ አሁን የሚሰጥን ግምት ለመናገር ያገለግላል። ድርጊት መቀጠሉን የሚያሳየው ቅርጽም በሌላ መስመር የሚሄድ፣ የድርጊቱን ውስጣዊ ሁኔታ የሚገልጽ ነው እንጂ ተጨማሪ ጊዜ አይደለም። የተቃራኒው ወገን መልስ ግን ቀላል አይደለም። ለተማሪ የሚያስፈልገው ስለ ነገ መናገር መቻል ነው፤ ለዚያ የሚሆኑትን ቅርጾች በአንድ ሣጥን ሰብስቦ «የወደፊት ጊዜ» ብሎ መጥራት ለቋንቋ ሊቅ ስሕተት ቢሆን ለመምህር መሣሪያ ነው።

በአማርኛ ክርክሩን ለማስረዳት አንድ የስያሜ እንቅፋት አለ። እንግሊዝኛ በሰዓትና በቀን የሚለካውን ጊዜና በግስ ቅርጽ የሚታየውን ጊዜ በሁለት ቃላት ሲለይ፣ አማርኛ ሁለቱንም «ጊዜ» ይላል። በዚህም የተነሣ «እንግሊዝኛ የወደፊት ጊዜ የለውም» የሚለው አባባል እንግሊዞች ስለ ነገ አይናገሩም የተባለ ያህል ያስቃል። ነገሩን የሚያቀልለው አማርኛ ራሱ ነው፤ «በየቀኑ ይመጣል» እና «ነገ ይመጣል» በሚሉት ውስጥ ግሱ አንድ ነው፣ የጊዜውን ልዩነት የሚሸከሙት «በየቀኑ» እና «ነገ» ናቸው። ይህን ያስተዋለ አንባቢ የሀድልስተንንና የፑለምን አቋም ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ የ12 ጊዜያቱ ሠንጠረዥ ለምን የአማርኛ ተናጋሪን ከሚገባው በላይ እንደሚያስጨንቅም ያያል።

ቃላትን መቁጠር

የቃላቱ ታሪክ የተጀመረው ከመሠረት ሳይሆን ከጣራ ነበር። ሮበርት ኮድሪ በ1604 ያሳተመው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ብቻ መዝገበ ቃላት ወደ 2,500 የሚጠጉ ቃላትን የያዘ ሲሆን፣ ሁሉም አንባቢን የሚያስቸግሩ ከባድ ቃላት ነበሩ፤ ውሃና ዳቦ ፍቺ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ተራ ቃላት የጥናት ጉዳይ የሆኑት እንግሊዝኛን ለሌሎች ማስተማር ሰፊ ሥራ ሲሆን ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1921 ለአሜሪካ መምህራን 10,000 ቃላትን በተደጋጋሚነታቸው መጠን አሰልፎ አቀረበ። ሃሮልድ ፓልመር በጃፓን፣ ማይክል ዌስት በቤንጋል ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቻቸው ያላቸው ሰዓት ውስን መሆኑ ቃላትን መምረጥ ግድ እንደሚል አሳያቸው።

የሁለት ዝርዝሮች ፉክክር የወቅቱን ክርክር ያጠቃልላል። ቻርልስ ኦግደን በ1930 ያቀረበው መሠረታዊ እንግሊዝኛ 850 ቃላት ብቻ ነበሩት፤ ከነዚህም ግሶቹ 18 ብቻ ናቸው። ዘዴው እንደ «ጎ»፣ «ጌት»፣ «ቴክ» እና «ፑት» ያሉትን ጥቂት ግሶች ከ«ኢን»፣ «አፕ» እና «ኦፍ» ጋር እያጣመሩ የሌሎቹን ሁሉ ሥራ ማሠራት ነበር። ዊንስተን ቸርችል በ1943 በሃርቫርድ ባደረገው ንግግር ሳይቀር የደገፈው ይህ ዕቅድ ለዓለም አቀፍ መግባቢያ ታስቦ ነበር። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ፣ ዌስት በ1934 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሂስ ጭምር፣ ቁጥሩ አታላይ ነው የሚል ነበር፤ «ጌት» አንድ ቃል ተብሎ ቢቆጠርም ከመስተዋድዶች ጋር ሲጣመር የሚሰጣቸው ትርጉሞች አንድ በአንድ መጠናት ያለባቸው ናቸው። እንዲያውም «ፑት አፕ ዊዝ» ከሦስት ቀላል ቃላት ተሠርቶ «መታገሥ» የሚል ፍቺ መስጠቱን ለተማሪ ከማስረዳት አንድ ከባድ ቃል ማስጠናት ይቀልላል። ይህ ሂስ ዛሬም መልስ አላገኘም፤ የቃሉ ማነስና የትምህርቱ መቅለል አንድ አለመሆናቸውን የሚያሳይ ነውና።

ዌስት በ1953 ያሳተመው ጠቅላላ አገልግሎት ዝርዝር ወደ 2,000 የሚሆኑ ዋና ቃላት የያዘ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚበልጠው ለየቃሉ የየትኛው ትርጉም ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በመቶኛ ማመልከቱ ነው። ደግሞም ዌስት መደጋገምን ብቸኛ መመዘኛ አላደረገም፤ ቃሉ ለመማር መቅለሉንና ሌላ ምትክ የሌለው መሆኑን ጨምሮ አመዛዝኗል። ዝርዝሩ አርጅቷል፤ «ኮምፒዩተር» እና «ቴሌቪዥን» የሉበትም። ይሁንና በ2013 ከ273 ሚሊዮን ቃላት ክምችት የወጣውን የመሳሰሉ አዳዲስ ዝርዝሮች ከእርሱ ጋር ሲነጻጸሩ እምብርቱ ብዙም አልተናወጠም። እነዚህ 2,000 ቃላት ከተራ ንግግር ወደ 90 በመቶ፣ ከትምህርታዊ ጽሑፍ ደግሞ ወደ 80 በመቶ ይሸፍናሉ። የሰዋስው ደንቦች ዝርዝር ይህን የመሰለ ቆጠራ ተደርጎበት ተፈትኖ አያውቅም ማለት ይቻላል።

90 በመቶ ብዙ ይመስላል፤ ከየ10 ቃል አንዱ የማይታወቅበትን ገጽ ያነበበ ሰው ግን ብዙ አለመሆኑን ይረዳል። ባቲያ ላውፈር በ1989 ለንባብ 95 በመቶ፣ ማለትም ከየ20 ቃል አንድ ያልታወቀ፣ ይበቃል ስትል፣ በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ያለ ረዳት ለማንበብ ከየ50 አንድ፣ ማለትም 98 በመቶ እንደሚያስፈልግ አሳየ። ፖል ኔሽን በ2006 ይህን ሚዛን ይዞ ሲያሰላ ለጋዜጣና ለልብ ወለድ ከ8,000 እስከ 9,000፣ ለንግግር ከ6,000 እስከ 7,000 የቃል ቤተሰቦች እንደሚፈለጉ አገኘ። የቃል ቤተሰብ ማለት አንድ ሥር ከነቅጥያዎቹ እንደ አንድ ሲቆጠር ነው፤ «ናሽን»፣ «ናሽናል» እና «ኢንተርናሽናል» አንድ ቤተሰብ ናቸው። በሦስት መቶኛ ልዩነት ምክንያት ግቡ በብዙ ሺህ ቃላት የሚሰፋ በመሆኑ፣ «መሠረቱ» የት ያበቃል የሚለው ጥያቄ የተማሪው ፍላጎት እንጂ የቋንቋው ጉዳይ አይመስልም። ስሌቱ የተመሠረተበት አሐድም ክርክር ላይ ነው፤ «ናሽን»ን ያወቀ ጀማሪ «ናሽናሊቲ»ን ሳይማር ያውቃል የሚለው ግምት ቅጥያዎቹን አጥንቶ ላልጨረሰ ሰው አይሠራም፣ በጠበበ አሐድ ሲቆጠር ደግሞ ቁጥሮቹ ሁሉ ይንራሉ።

ከቁጥሩ ይልቅ ቸል የሚባለው የቃላቱ ደረጃ ነው። ከሁሉ የሚደጋገሙት ቃላት በአብዛኛው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጡ ሲሆኑ፣ ከስካንዲኔቪያ የገቡም አሉበት፤ «እነርሱ» የሚለው ተውላጠ ስምና ኦግደን የተመካባቸው «ጌት» እና «ቴክ» ከዚያ ናቸው። ከ1066 በኋላ የፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎም የላቲንና የግሪክ ቃላት ከላይ ተደረቡ፤ ላሟ በበረት ውስጥ በጥንቱ ስሟ «ካው»፣ ሥጋዋ በገበታ ላይ በፈረንሳይኛ ሥር «ቢፍ» ትባላለች። አማርኛም ይህን መሰል ንብርብር አለው፤ የገበያው ቋንቋ አንድ ሲሆን፣ ንዑስ አንቀጽ፣ መስተዋድድ፣ ተውሳከ ግስ የሚሉት ስያሜዎች ከግእዝ ይቀዳሉ። አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ቃላት ትምህርታዊ ጽሑፍ ያወጣችው የ570 ቤተሰቦች ዝርዝር በእንግሊዝኛ ይህን የላይኛውን ንብርብር ለይቶ ያሳያል። እነዚህ ቤተሰቦች በትምህርታዊ ጽሑፍ ውስጥ ወደ 10 በመቶ ሲይዙ፣ በልብ ወለድ ውስጥ ድርሻቸው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ወሰኑ በቃሉ ውስጥ ያልፋል

ጽሑፍና ንግግር በኮምፒዩተር በብዛት መከማቸት ከጀመረ በኋላ ደንብ ባንድ ወገን ቃል በሌላ ወገን የሚለው ክፍፍል ተናጋ። ጆን ሲንክሌር የመራውና በ1987 የመጀመሪያው መዝገበ ቃላቱ የታተመው የኮቢልድ ሥራ፣ ቃላት በነጻነት እየተመረጡ በደንብ ቀዳዳ ውስጥ የሚሰኩ ሳይሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከታወቁ ባልንጀሮቻቸው ጋር ተያይዘው የሚመጡ መሆናቸውን አጎላ። አንድሩ ፖውሊና ፍራንሲስ ሳይደር በ1983 ያነሡት ጥያቄም ይህንኑ የሚነካ ነበር፤ ሰዋስው የሚፈቅዳቸው ዓረፍተ ነገሮች ወሰን የላቸውም፣ ተወላጁ ግን ከነዚያ ውስጥ ጥቂቶቹን ብቻ «እንዲህ ነው የሚባለው» ይላል፤ ይህን የሚለየው በምን ነው?

አማርኛ ተናጋሪ ፎቶ «ያነሣል»፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ይወስዳል»። የሰዋስው ደንብ ሁለቱንም አይከለክልም፤ በቃላት ዝርዝር ውስጥም ማንሣት፣ መውሰድና ፎቶ እያንዳንዳቸው በትክክል ተተርጉመው ይገኛሉ። ስሕተቱ የሚወለደው በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ማይክል ልዊስ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ተነሥቶ ትምህርቱ ከደንብ ሳይሆን ከተዘጋጁ ሐረጎች መጀመር አለበት እስከ ማለት ደረሰ። ሐሳቡ የብዙ መምህራንን ቀልብ ቢስብም ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ሐረጎቹ በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠሩ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ሚዛን አልሰጠም፣ ሐረግን በቃል የያዘ ተማሪም መቼ ፈልቅቆ አዲስ ነገር እንደሚሠራበት ግልጽ አላደረገም። ደንብ የተፈለገው መጀመሪያውኑ ማስታወስን ለማቅለል ነበርና።

ደንቡን ማወቅና በደንቡ መናገር

ለክፍል ውስጥ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው ክርክር መሠረታዊው ሰዋስው በግልጽ ይማራል ወይስ በመስማትና በማንበብ ይወረሳል የሚለው ነው። ስቲቨን ክራሸን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለይቶ ያቀረበው አቋም፣ በጥናት የሚገኝ የደንብ እውቀት ንግግርን ከማረም ያለፈ ሥራ የለውም፣ ንግግርን የሚያመነጨው ተማሪው ሊረዳው ከሚችለው ቋንቋ ሳያውቀው የሚወርሰው ነው የሚል ነበር። ለዚህ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ግስ ላይ የሚቀጠለው «ስ» ነው። «ሺ ወርክስ» ማለት የሚገባው ደንብ በመጀመሪያው ዓመት ይማራል፣ በፈተና ላይም በትክክል ይሞላል፣ በንግግር ውስጥ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላም ይወድቃል። ሃይዲ ዱሌይና ማሪና በርት በ1974 ስፓኝኛና ቻይንኛ ተናጋሪ ልጆች ይህን መሰል ቅጥያዎች በተቀራረበ ቅደም ተከተል እንደሚይዙ በማሳየታቸው፣ ቅደም ተከተሉ የመጽሐፉ ሳይሆን የተማሪው ውስጣዊ መንገድ ነው የሚል ድምዳሜ ተስፋፋ።

ድምዳሜው ከጊዜ በኋላ ተሸርፏል። በ2009 የታተመ የሉክና የሺራይ ግምገማ የጃፓንኛ፣ የኮሪያኛና የቻይንኛ ተናጋሪዎች አርቲክልንና የብዙ ቁጥርን «ስ» ከተባለው ተራ ዘግይተው እንደሚይዙ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ውስጥ ቅርብ አቻ ያለውን የባለቤትነት ቅጥያ ግን ቀድመው እንደሚይዙ አሳይቷል። ይህ ከሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ የሰዋስው ሀሁ የለም። አማርኛ ታዋቂነትን «ቤቱ» እንደሚባለው በቅጥያ ያመለክታል፤ ስለዚህ የ«ዘ» ሐሳብ ለተማሪው አዲስ አይደለም፣ አዲስ የሚሆንበት ያልታወቀን ስም «ኤ» ብሎ የማስቀደም ግዴታ ነው። ብዙ ቁጥርም በአማርኛ አለ፣ ነገር ግን «ሦስት ሰው መጣ» ማለት ስለሚቻል ከቁጥር በኋላ ቅጥያውን የመድገም ግዴታ የለም፤ እንግሊዝኛ ግን ያስገድዳል።

ጆን ኖሪስና ሉርደስ ኦርቴጋ በ2000 የ49 ጥናቶችን ውጤት በአንድነት ሲመዝኑ በግልጽ ማስተማር በስውር ከማስተማር የተሻለ ውጤት እንዳለው አገኙ። ራሳቸው ያስጠነቀቁበት ነጥብ ግን ውጤቱን ለማንበብ ወሳኝ ነው፤ አብዛኞቹ ጥናቶች የለኩት ክፍት ቦታ መሙላትንና ትክክለኛውን መምረጥን የመሰለ የደንብ እውቀት እንጂ ያልተሰናዳ ንግግርን አልነበረም። ስለዚህ ማስረጃው ክራሸንን በከፊል ይረታል፣ በከፊልም የእርሱን ልዩነት ያጸናል።

በዚህ ክርክር ውስጥ እየተረሳ የሚያልፈው ደንቦቹ ራሳቸው በምን መመዘኛ ተመርጠው እንደተሰለፉ ነው። ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቹ በ1999 ከ40 ሚሊዮን ቃላት ክምችት ተነሥተው ባሳተሙት ሰዋስው፣ በተራ ጭውውት ውስጥ እንኳ ቀላሉ የግስ ቅርጽ ድርጊት በመቀጠል ላይ መሆኑን ከሚያሳየው ባለ«ኢንግ» ቅርጽ ከ20 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ብዙ የጀማሪ መጻሕፍት ግን ባለ«ኢንግ»ን ከቀላሉ እኩል፣ አንዳንዶቹም አስቀድመው ያስተምራሉ፤ ምክንያቱም መምህሩ እየተራመደ «እየተራመድኩ ነው» ማለት ለክፍል ውስጥ ማሳያ ይመቻል። ለመማር መመቸቱ ራሱን የቻለ ሚዛን ነው፤ ዌስትም ለቃላት ተጠቅሞበታል። ልዩነቱ ዌስት ሚዛኑን በይፋ መናገሩ ነው።

የማን መሠረት?

የአውሮፓ ምክር ቤት በ1975 ያስወጣው «የመግቢያ ደረጃ» ጥያቄውን ገለበጠው፤ ከቅርጽ ከመነሣት ይልቅ ተማሪው በቋንቋው ምን ማድረግ አለበት ብሎ ጀምሮ፣ ለሰላምታ፣ ለይቅርታ፣ መንገድ ለመጠየቅ የሚበቃውን ሰዋስውና ቃል ወደ ኋላ ሄዶ ለቀመ። ከ2001 ጀምሮ የሚሠራበት የስድስት ደረጃዎች ማዕቀፍ የዚህ ልጅ ነው። ሌላው ጥያቄ የመለኪያው እንግሊዝኛ የማን ነው የሚለው ነበር። በ1990ዎቹ መባቻ ኩዌርክ የተወላጆች መደበኛ እንግሊዝኛ መለኪያ ሆኖ ይቆይ ሲል፣ ብራጅ ካችሩ በሕንድና በአፍሪካ ሥር የሰደዱት እንግሊዝኛዎች የራሳቸው ደንብ እንዳላቸው ተከራከረ። ባርባራ ሳይድልሆፈር ደግሞ ተወላጅ ባልሆኑ ሰዎች መካከል በሚደረግ ንግግር የ«ስ» መቅረት መግባባትን እንደማያሰናክል ካሳየች ወዲህ፣ ያን ያህል ዘመን የተለፋበት ደንብ ከመሠረቱ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚል አዲስ ክርክር ተነሥቷል። ለንግግር መቅረቱ ይታለፍ ይሆናል፤ ለሥራ ማመልከቻና ለፈተና ግን «ስ» የተማረን ካልተማረ መለያ ሆኖ መቆየቱን የዚህ አስተያየት ደጋፊዎችም አይክዱም።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ከአውሮፓው በአንድ ነገር ይለያል። እዚህ እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲሰጥ ቆይቶ በሁለተኛ ደረጃ፣ በአንዳንድ ክልሎችም ቀደም ብሎ፣ የሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ ማስተማሪያ ይሆናል። መንገድ ለመጠየቅና ሰላምታ ለመስጠት ተለክቶ የተሰፋው መሠረት የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍን አይከፍትም፤ ያ መጽሐፍ ከጠቅላላው 2,000 ቃላት በተጨማሪ የኮክስሄድን የላቲን ንብርብር፣ ተገብሮ ግስን፣ ረጃጅም የስም ሐረጎችን ከመጀመሪያው ገጽ ይጠይቃል። አንዱ ወገን ጠቅላላዎቹ ቃላት ሳይጠናቀቁ ወደ ትምህርታዊዎቹ መሻገር ቤትን ያለ ግድግዳ ጣራ ማልበስ ነው ሲል፣ ሌላው በንግግር የማይሰሙት ቃላት ከየትምህርቱ ጋር አብረው ካልተሰጡ ተማሪው በማያውቃቸው ቃላት ሲፈተን ይኖራል ይላል። የሽፋን ስሌቶቹ ስንት ቃል እንደሚያስፈልግ እንጂ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መምህር እጅ፣ በእንግሊዝኛው ወይስ በባዮሎጂው ክፍለ ጊዜ መሰጠት እንዳለባቸው አይናገሩም።